ቅመም የበዛበት ኒሽ ሽቶ እንዴት ይፈተሻል?

ቅመማማ ኒሽ ሽቶ፣ ማለትም ትናንሽ ሽቶ ቤቶች በጥቂቱ የሚሠሩት ውድ ሽቶ፣ ሱቅ ውስጥ አንዴ አሽትተው የሚገዙት ነገር አይደለም። ገና ሲረጭ አፍንጫ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ቁንዶ በርበሬና ሄል ነው፤ ሁለቱም ቶሎ ይተናሉ። ገንዘብ የሚወጣበት ግን ከሰዓታት በኋላ የሚቀረው ሽታ ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ በፊት 2 ሚሊ ሊትር ናሙና ይፈልጉ። አንድ ርጭት 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚወስድ ሃያ ጊዜ ያህል ያስሞክራል።

አስቀድመው አፍንጫዎን ያለማምዱ። ደሴ ሰኞ ገበያ ወርደው ያልተፈጨ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ኮረሪማና ዕጣን ቁንጥር ቁንጥር ይግዙ፤ ቤት ገብተው አንድ በአንድ ሰበር እያደረጉ ያሽቱ። ቅርንፉድ የጥርስ ሐኪም ቤትን ካስታወሰዎት አልተሳሳቱም፤ ዩጂኖል የሚባለው ዘይቱ እዚያም ይሠራበታል። ሽቶው ላይ «ካርዳሞም» ከተባለ በአብዛኛው ሄል ማለት ነው፤ ኮረሪማ ጠብቆ የሚያሸት ሰው «የለበትም» ብሎ ይሳሳታል። ዕጣንም እንዲሁ ነው። እኛ የምናውቀው ፍም ላይ ሲጨስ ነው፤ ሽቶ ውስጥ የሚገባው ዘይቱ ግን ጭስ ጭስ አይልም፤ ሎሚና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ሽታ አለው። ጥሬውን ጨፍልቀው ካሸተቱት ልዩነቱ ይገባዎታል።

ፍተሻው ቡና ከመቆላቱና ጭሳጭስ ከመነሳቱ በፊት ይሁን። ወሎ ቤት ይህን ሰዓት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ መስኮት ከፍቶ መጀመር ይሻላል።

የማያብረቀርቅ ወፍራም ነጭ ወረቀት 1 ሴንቲ ሜትር አድርገው በቀጭኑ ይቁረጡና ሰዓቱን ይጻፉበት። ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ጊዜ ይርጩ። አልኮሉ እስኪተን አንድ ደቂቃ ይታገሱ፤ ወዲያው ካሸተቱ የሚያቃጥልዎት እሱ እንጂ ቅመሙ አይደለም። ወረቀቱ አፍንጫዎን ሳይነካ አጭር አጭር ትንፋሽ ይሳቡ። ከረጩ በኋላ በ5 ደቂቃ፣ በ30 ደቂቃ፣ በ2 ሰዓትና በ6 ሰዓት የሸተተዎትን ይጻፉ። ቅርንፉድና ቀረፋ የሚገለጡት በመካከል ነው፤ እንጨቱና ሙጫው መጨረሻ ላይ።

ቀጥሎ ክንድ ላይ በውስጥ በኩል አንድ ርጭት፣ ያለማሻሸት። ፍትጊያው ቆዳውን አሙቆ የመጀመሪያውን ሽታ ቶሎ ያባርረዋል። የቀረፋና የቅርንፉድ ዘይት አንዳንድ ቆዳ ላይ አለርጂ ስለሚያስነሳ፣ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይታጠቡትና ይተዉት። ከሁለት ሽቶ በላይ በአንድ ቀን አይፈትሹ። አፍንጫ ሲደክም የቡና ፍሬ ማሽተት ልማድ ነው እንጂ ከንጹሕ አየር የተለየ አይረዳም፤ ደጅ ወጣ ይበሉ። «ጠፋ» ያሉት ሽቶም ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ አፍንጫዎ ለምዶት ነው። ሌላ ሰው ይጠይቁ።

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደሴ ብርድ ላይ ጭምት የመሰለው ሽቶ ኮምቦልቻ ሲወርዱ በቀትር አናት ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ቶሎም ይከስማል። ሥራዎ ታች ከሆነ እዚያው፣ ልብስ ላይ ሳይሆን ቆዳ ላይ ይሞክሩት።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን እንደገና ያንሱ። የቫኒላ ጣፋጭነት ብቻ ከቀረ ቅመሙ ከላይ የተነሰነሰ ነበር፤ ለዚያ የኒሽ ዋጋ አይክፈሉ።