ላፕቶፓችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩት

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ታዲያ ማሽኑ አርጅቷል ብላችሁ በርካሽ እንዳትሸጡት! እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ 4 ጊጋ ራም ባላት ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየተጠቀምኩ ነው፤ ነጻ ነው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል።

መጀመሪያ ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ ዋይፋዩንና ድምፁን ፈትሹ። ከሠራ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡና ጫኑት።

ለጌም ስቲም የሚባለውን የጌም መደብር ፕሮግራም አውርዱ፤ የጌሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለው ላይ የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን ፕሮቶንን ምረጡ። ለዊንዶውስ የተሠሩ በጣም ብዙ ጌሞች በዚህ ይከፈታሉ። መብራት ቢጠፋም ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ለኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጌሙን ግን በድሮው የዊንዶውስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል)፣ ማለትም ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ በተዘጋጀው ላይ አታስቀምጡት። እኔን ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያሳደረኝ እሱ ነው፤ «ፕሌይ» እላለሁ፣ ትንሽ ያስብና ተመልሶ ይዘጋል። ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ወደተዘጋጀ ፓርቲሽን ሳዛውረው ወዲያው ተከፈተ።

ቫሎራንትና ፎርትናይት አይሠሩም፤ የእነሱ ተጫዋች ከሆናችሁ ዊንዶውስን አታጥፉት። ከበድ ላለ ጌም ደግሞ ራሙን ቢያንስ 8 ጊጋ አድርሱት።