ከፈረስ ጋር የሚሠራ ሙያ ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ እንዴት መወሰን ይቻላል?

ፈረስ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ከፈረስ ጋር ሠርቶ ማደር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ወደዚህ ሙያ የሚመጣው ግልቢያን ወድዶ ነው። ከገባ በኋላ ግን የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ጋጣ ውስጥ ነው። ኮርቻ ላይ የሚወጣው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ እሱም ከወጣ። ስለዚህ ውሳኔው መጀመር ያለበት ከጋጣው ነው።

1. የአንድ ቀን ሥራ ምን እንደሚመስል በቁጥር ይወቁ

አንድ ጎልማሳ ፈረስ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ይህም ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ነው። ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፣ 20 ኪሎ ያህል ፋንድያ ይጥላል። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ መኖው በአንድ ጊዜ ተከምሮ አይቀርብለትም፤ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። ማስመለስ ስለማይችል የሆድ ቁርጠት ሲይዘው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ይህን በአሥር ፈረስ ያባዙት። በየቀኑ እስከ 400 ሊትር ውሃ ይቀዳል፣ 200 ኪሎ ፋንድያ በአካፋ ይዛቃል። በበዓል ቀንም፣ ዝናብ ሲጥልም፣ ሠራተኛው ጉንፋን ሲይዘውም ያው ነው።

2. ገንዘብ ሳያወጡ ይሞክሩት

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ትምህርት ቤት ከመመዝገብዎ በፊት፣ ሥራዎንም ከመልቀቅዎ በፊት፣ ፈረስ በሚረባበት ወይም ግልቢያ በሚሰጥበት ቦታ ለጥቂት ወራት በረዳትነት ይሥሩ። የአየሩ ጠባይ የከፋበትን ወቅት መርጠው ቢገቡ ይሻላል፤ በጥሩ ቀን ሁሉም ሰው ፈረስ ይወዳል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደኅንነትን ነገር ይማሩ። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለተቀመጡ ዙሪያውን በሙሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ የማይታየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ጥቂት ቦታና ቀጥታ ከኋላው ያለው ነው። ስለዚህ ድምፅዎን እያሰሙ ወደ ትከሻው በኩል ይቅረቡ። ሲጋልቡ የራስ ቁር አይለይዎ።

በእነዚህ ወራት ከጡንቻዎ ይልቅ ጠባይዎን እንዲመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ፈረስ አዳኝ ሲመጣበት ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ስለሆነ፣ በነፋስ የተነሣ ላስቲክ እንኳን ሊያስበረግገው ይችላል። እግርዎን ረግጦዎት፣ ገመዱን ከእጅዎ ነጥቆ ሲሄድ ምን ይሰማዎታል? ቁጣ ብልጭ ብሎ ወዲያው ከበረደ ይማራሉ። ቂም ከያዙ፣ ወይም እጅዎ ለመምታት ከተነሣ፣ ይህ ሙያ ለእርስዎም ለፈረሱም አይበጅም። ፍርሃትስ? ፍርሃት በልምድ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ የማይፈራም ሰው ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ጥንቃቄን የሚያስተምረው ፍርሃት ነው።

3. የትኛውን ሥራ እንደሚፈልጉ ለዩ

«ከፈረስ ጋር መሥራት» አንድ ሙያ አይደለም። ተንከባካቢው ያበላል፣ ያጥባል፣ ያጸዳል። ፈረስ የሚገራው ሰው ትዕግሥትና ዓመታት የፈጀ ልምድ ያስፈልገዋል። የእንስሳት ሐኪም ለመሆን በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መማር ግድ ነው። የሩጫ ውድድር ጋላቢነት ደግሞ የሰውነት ክብደትን ዘወትር መቆጣጠርን ስለሚጠይቅ ለብዙ ሰው በር ይዘጋል።

ብዙዎች የማያስቡት የሰኮና ባለሙያነትን ነው። ሰኮና እንደ ጥፍር ስለሚያድግ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ መከርከም አለበት፤ ስለዚህ ፈረስ ባለበት ሁሉ ሥራ አይጠፋም። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ የከባድ እንስሳ እግር ይዞ መዋል ወገብን ይጎዳል። በአንዳንድ አገሮች ፈቃድም ይጠይቃል፤ ለምሳሌ በብሪታንያ በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ ሰው ለፈረስ የብረት ጫማ ማድረግ አይችልም። ኮርቻና ልጓም መሥራት፣ መኖ ማቅረብ፣ የጋጣ ሒሳብ መያዝም አለ።

4. የሰውንም ነገር ያስቡበት

ከሰው ለመራቅ ብለው ወደ ፈረስ የሚመጡ አሉ። የግልቢያ አስተማሪ ግን ቀኑን የሚውለው ከሚፈሩ ልጆችና ከሚጨነቁ ወላጆች ጋር ነው። አሠልጣኝም ውጤት ቶሎ እንዲታይ ከሚፈልግ ባለቤት ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ «ፈረስዎ ገና አልደረሰም» ብሎ ደንበኛ እስከማጣት የሚደፍር ሰው ያስፈልጋል።

5. ሒሳቡን በወረቀት ያስፍሩ

የጀማሪ ተንከባካቢ ደመወዝ በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ማደሪያ ይሰጣል፤ ከሰጠ በገቢዎ ላይ ይደምሩት። ለሕክምናና ተጎድተው ለሚተኙባቸው ሳምንታት የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ዕቅዱ አልተሟላም። የራስዎን ፈረስ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊኖር የሚችል፣ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በየቀኑ የሚበላ እንስሳ ነው። ማርባትን ካሰቡ ደግሞ ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ውርንጭላው ለግልቢያ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ያ ሁሉ ጊዜ ወጪ ብቻ ነው።

6. ስለ ሞት ይጠይቁ

ይህን ጥያቄ ሰው ይዘልለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። እግሩ ክፉኛ የተሰበረ ፈረስ ብዙ ጊዜ አይድንም። ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቆየት አይችልም፤ ሲቆም ደግሞ ክብደቱን የሚጥልበት ደህናው እግር ሰኮናው ውስጥ ይታመማል። ያን ጊዜ ሥቃዩን ለማሳጠር ሐኪሙ መርፌ ይወጋዋል። ገመዱን የሚይዘው ደግሞ ያሳደገው ሠራተኛ ነው። በሙያው ረጅም ዘመን የቆዩትንም፣ ትተው የወጡትንም ሰዎች ይህን እንዴት እንደቻሉት፣ ወይም እንዳልቻሉት፣ ይጠይቋቸው። ማልቀስ ከሙያው አያስወጣም። በማግስቱ ለሌሎቹ ውሃ መቅዳት አለመቻል ግን ያስወጣል።

7. ቀን ቆርጠው ይወስኑ

የሙከራው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድመው ይወስኑ፤ አለበለዚያ ዓመታት ያልፋሉ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ፈረስን አላጡም። በሌላ ሥራ እየኖሩ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጋልቡ ሰዎች ከፈረስ የሚያገኙት ደስታ ከባለሙያው አያንስም።

«ይሁን» ካሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀጣሪ በጥንቃቄ ይምረጡ። ውሃው ንጹሕ መሆኑን፣ ሰኮናዎቹ በወቅቱ መከርከማቸውን፣ የሚያስተምርዎ ልምድ ያለው ሰው መኖሩን ይዩ። ሠራተኛ ሲገባ ፈረሶቹ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ከሆነ፣ ደመወዙ ቢያጓጓም ሌላ ቦታ ይፈልጉ።