ከኤክስኤምኤል የወጣው 12 ለምን «ቁጥር አይደለም» ይባላል?

በጃቫ የዕቃ ዋጋና ብዛት ከኤክስኤምኤል (ዳታ በታጎች መካከል ከሚቀመጥበት ፋይል) እያነበባችሁ ነው እንበል። የችግሩ ምልክት ግራ ያጋባል። ዋጋውን በፓርስደብል (ጽሑፍን ወደ አስርዮሽ ቁጥር በሚቀይረው) ስታነቡት ያለ ችግር ያልፋል። ብዛቱን በፓርስኢንት (ወደ ሙሉ ቁጥር በሚቀይረው) ለማንበብ ስትሞክሩ ግን ፕሮግራሙ ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን፣ ማለትም «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ስህተት ሰጥቶ ቀጥ ይላል። ፋይሉን ከፍታችሁ ብታዩ ያው 12 ነው።

<ብዛት>
    12
</ብዛት>

(የታግ ስሙን በአማርኛ የጻፍኩት ለማሳያ ነው፤ ከጃቫ ጋር የሚመጣው ፓርሰር እንዲህ ያለውን ስም የሚቀበለው ፋይሉ መጀመሪያው ላይ ኤክስኤምኤል 1.1 ነኝ ካለ ነው።)

መጀመሪያ የጽሑፉን ርዝመት ፕሪንት አድርጉት። 2 ስትጠብቁ 8 ይመጣል፦ አንድ አዲስ መስመር፣ አራት ስፔስ፣ ሁለቱ አሃዞች፣ መጨረሻ ላይ ሌላ አዲስ መስመር። ፋይሉ ለዓይን እንዲያምር ሲደረደር የገቡ ናቸው። ፋይሉን የሚያነበው ፓርሰር ጥፋት የለበትም፤ በታጎቹ መካከል ያለውን ሁሉ ማስረከብ ሥራው ነው። ዋጋው ያለፈው ፓርስደብል የዳርና ዳሩን ስፔስ ራሱ ስለሚጥለው ነው። ፓርስኢንት እንዲህ ያለ ውለታ አያውቅም።

ስለዚህ ጌትቴክስትኮንተንት (የታጉን ጽሑፍ የሚያወጣው ሜተድ) የሰጣችሁን ጽሑፍ፣ የዳርና ዳሩን ስፔስ በሚቆርጠው በትሪም አጽዱት። ጃቫ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስትሪፕን እመርጣለሁ፤ ትሪም የማያውቃቸውን የዩኒኮድ ስፔሶችም ያነሳል።

ስትሪፕም አልሠራም? እንግዲያው እሴቱ ከዌብ ገጽ ኮፒ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። በዩኒኮድ ቁጥሩ 160 የሆነ፣ መስመር የማያሰብር ስፔስ አለ። ሲያዩት ከተራው አይለይም፤ ትሪምም ስትሪፕም አይነኩትም። በሪፕሌስ ወደ ተራ ስፔስ ቀይሩትና ከዚያ አጽዱ።

በሳክስ (ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ክፍል በክፍል በሚያስረክበው መንገድ) የምታነቡ ደግሞ አንድ ክፉ ወጥመድ አለባችሁ። ካራክተርስ የሚባለው ሜተድ አንዱን እሴት ቆራርጦ ሊያመጣው ይችላል፤ በተለይ የ«&» ምልክት ያለበት ቦታ ላይ። እዚያው ትሪም ካደረጋችሁ «ጫማ & ቦርሳ» የነበረው «ጫማ&ቦርሳ» ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ኤክሴፕሽን የለ፣ ምን የለ! ደንበኛ እስኪጮህ ማንም አያውቅም። ቁርጥራጮቹን ስትሪንግቢልደር ውስጥ ሰብስቡ፤ ትሪሙ ኤንድኤለመንት (ታጉ ሲዘጋ የሚጠራው ሜተድ) ላይ አንዴ ብቻ ይሁን።

በአንድ ታግ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ነገር ለማግኘት ጌትፈርስትቻይልድ ስትሉ ኤለመንት (ሌላ ታግ) ሳይሆን ባዶ የጽሑፍ ኖድ (ስፔስ ብቻ የያዘ ክፍል) ከመጣም ያው ነገር ነው፤ የኖዱን ዓይነት እያያችሁ እለፉት። «ሴት ኢግኖሪንግ ኤለመንት ኮንተንት ኋይትስፔስ» የምትባለዋ ስመ ረጅም ቅንብር ያለ ዲቲዲ (የፋይሉን አወቃቀር የሚደነግግ መግለጫ) አትሠራም። ብትሠራም የምትጥለው በኤለመንቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው፤ 12ቱን የከበበውን ግን አትነካውም።