የፀጉር ቤት ሳል፦ ትንፋሽን ሳይጎዱ እንዴት መሥራት ይቻላል?

በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ በሩን ከፍቶ የሚሠራ ፀጉር ቤት ብዙ አታዩም፤ ብርዱ አያስቀምጥም። ውስጥ ካስኩ ይጮሃል፣ ፔስትራው ይጨሳል፣ ጥግ ላይ ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዷል። ደንበኛዋ አምሮባት ትወጣለች። ፀጉር ሠሪዋ ግን ያንኑ አየር ስትስብ ትውላለች፤ ሌሊት ሲያስላት «ብርድ መቶኝ ነው» ትላለች።

መጀመሪያ ሳሉ ከሥራው መሆን አለመሆኑን ለዩ። ለአንድ ወር ያህል የዕለቱን ሥራ፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ የጀመረበትንም ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። እሁድ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ ስትሰነብቱ ቀለል ብሎ ወደ ሥራ ስትመለሱ የሚነሳ ከሆነ ሥራውን ጠርጥሩ። አስም ከሥራ ከወጡ ከሰዓታት በኋላም ስለሚነሳ የሌሊቱን አትርሱ። «ስንት ዓመት ሠርቼበት» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ለዓመታት ምንም ያላለ ነገር አንድ ቀን ይቆጣል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የፀጉርን ቀለም የሚያነጣውን የብሊች ዱቄት ነው። በውስጡ ያለው ፐርሰልፌት በፀጉር ሠሪዎች ላይ አስም በማምጣት የታወቀ ነው። ከተገኘ በክሬም መልክ የተዘጋጀውን ወይም የማይበነውን ግዙ። ዱቄቱን ከበር አጠገብ ሆናችሁ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ከዕቃው ላይ አታራግፉት። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በመጥረጊያ አታቡንኑት። ክዳኑንም ወዲያው ግጠሙ።

ፀጉር የሚያለሰልሰው ኬራቲን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ በፔስትራ ሲግሉ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ጋዝ ነው። ማሸጊያው ላይ «ፎርማሊን» ወይም «ሜቲሊን ግላይኮል» ቢባልም ያው ነው። ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ አቁሙና ውጡ። እኔ ብሆን ሥራውን ጨርሶ አልቀበልም ነበር።

አየሩስ? ባሕር ዳር ሙቀቱ ስለሚያስገድድ ቬንትሌተር አይጠፋም፤ ግን ወደ ክፍሉ መሐል ከዞረ ጭሱን ማዞር ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በተቃራኒው በኩል ያለውን በር ክፈቱ። ኮንቴነር ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከኋላ ከፍ ብሎ መስኮት ይከፈትለት። ብርድ ባለበት ቢያንስ ብሊች ሲበጠበጥና ኬራቲን ሲተኮስ በሩ ይከፈት። ከሰሉ ውጭ ይውጣ።

የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያግድም። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ዱቄቱን ይይዛል፤ ጋዙን ግን እሱም አያቆምም። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ መከላከያውን መጠየቅ መብታችሁ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መናገር ካቃተ ግን ድንገተኛ ነው፣ አትዘግዩ። ፀጉር ሠሪ መሆናችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ደብተሩንና የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ፎቶ አሳዩ። የታመመችዋ ብሊቹን ትታ ሹሩባ ብትይዝ ብቻ አይበቃም፤ ክፍሉ አንድ ነውና ሲበጠበጥ ውጭ ትቆይ።