የግቢ ውሻና ድመት ኪሎ፦ ወፈረ፣ ከሳ፣ ሆዱ ብቻ ተነፋ

የክትባትና የትል መድኃኒት ነገር ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰው «ውሻዬ ስንት ኪሎ መሆን አለበት?» ይለኛል፣ ከዛ ከኢንተርኔት ያወጣውን ሰንጠረዥ ያሳየኛል። ጀርመን ሸፐርድ ወንዱ ከ30 እስከ 40፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32 የሚለው ልክ ነው፣ ግን ያንተ ውሻ እኮ አያቱ ሸፐርድ ነበር ተብሎ የተሸጠልህ የሰፈር ዲቃላ ነው፣ በየትኛው መስመር ልታነበው ነው? ሰንጠረዡን ተወውና እጅህን አምጣ።

ቡጢ ጨብጡና በሌላው እጅ ጣት አንጓዎቹን ዳብሱ፣ የውሻው ጎድን እንደዛ ከሆነ ከስቷል። አሁን እጃችሁን ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱ፣ አጥንቱ በስሱ ተሸፍኖ ይገኛል አይደል፣ ልኩ እሱ ነው። መዳፋችሁን ገልብጡት፣ አጥንቱን ለማግኘት መጫን አለባችሁ፣ ጎድኑ እንደዛ ከሆነ ወፍሯል። ከላይ ቆማችሁ ስታዩት ከጎድኑ ኋላ ወገብ መታየት አለበት፣ ከጎን ደግሞ ሆዱ ወደ ላይ ሰብሰብ ይላል። ድመት ላይ ከሆዷ ሥር የሚወዛወዘው ልል ቆዳ ግን ውፍረት አይደለም፣ ቀጭን ድመትም አላት። ፀጉር አይታችሁ አትፍረዱ፣ ድብ የሚያክል ውሻ ስዳብሰው አጥንት ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ።

ለሚዛን ድመቷን አቅፋችሁ ተመዘኑና የራሳችሁን ቀንሱ። ምንጣፍ ላይ አይደለም፣ ሲሚንቶ ላይ! የማይታቀፍ ትልቅ ውሻ ከሆነ እኔ ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ፣ ባለወፍጮው መጀመሪያ ይቆጣል፣ ኋላ ስንት ሆነ ብሎ እራሱ ይጠይቃል።

ምልክት፦ «ምንም አይበላም ግን ይወፍራል።»

ባለቤቱ ጎግል አድርጎ ታይሮይድ ነው፣ የአንገቱ ዕጢ ሥራ ቀንሷል ይላል። ታይሮይድ አለ፣ አልክድም፣ ግን ከስንት አንዴ ነው። እኔ ደጋግሜ የማየው የመጋቢ ብዛት ነው። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ግቢ የተኮላሸ ዲቃላ ሸፐርድ ነበር፣ 46 ኪሎ፣ ሲተኛ ሆዱ እንደ ሊጥ መሬቱ ላይ የሚዘረጋ። የቤቱ እመቤት «ኧረ ልጄ፣ ማታ ማታ አንዴ ነው የሚበላው፣ ተፈጥሮው ነው» አሉኝ። እሺ እትዬ ብዬ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀመርኩ። እሱ ቁርሱን ሲበላ ግማሽ ዳቦ ይጥልለታል፣ «ፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ እንዴት ይዋጥልኛል?»፣ ሠራተኛዋ ምሳ ሲነሳ የትሪውን ትደፋለታለች፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ብስኩት፣ አያትየው ከቡና ቁርሱ ያካፍሉታል፣ የእትዬ የማታው ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶ። አምስት ሰው ነው፣ አምስቱም «አንዴ ብቻ» ይላሉ፣ አልዋሹም!

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሐኪሞች ለውሻው ውፍረት ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፣ 5 ልክ ነው፣ ከዛ በላይ እያንዳንዱ ነጥብ በግምት 10 በመቶ ትርፍ ኪሎ ነው። ይሄ 8 ነበር፣ ሦስት ነጥብ ማለት 30 በመቶ ትርፍ ነው፣ ስለዚህ 46ን ለ1.3 ስናካፍል ልኩ 35 ኪሎ ገደማ። በስልክ ካልኩሌተር 35×35×35 ብላችሁ ስኩዌር ሩቱን ሁለቴ ንኩና በ70 አባዙት፣ 1000 ካሎሪ አካባቢ ይመጣል፣ የቀን ምግቡ ይሄው ነው። የከረጢቱ ደረቅ ምግብ በ100 ግራም 350 ካሎሪ ካለው 285 ግራም ማለት ነው። በግራም ሚዛን ነው የምላችሁ፣ በጆግ አይደለም፣ የአንዱ ሰው ጆግ የሌላው ሁለት ነው። የቤት ምግብ ከሆነ ሁሉም የሚሰጠውን ደምሩና አንድ አምስተኛውን ቀንሱ፣ በሁለት ሳምንቱ መዝኑ። የቀኑን ምግብ ጠዋት ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ፣ ማንም ማብላት ያማረው ከባልዲው ያብላ፣ ባልዲው ካለቀ አለቀ። ሰዉን አታብሉ ብላችሁ አትልፉ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ተደብቀው ያበላሉ።

በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንስ፣ ከዛ አታፍጥኑት። ያኛው ውሻ ሁለት ሳምንት በደንብ ቀነሰና ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለ፣ ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁ ልክ ነው፣ ለካ የማታ ዘበኛም አለ፣ ስለ ባልዲው የነገረው ሰው የለም! እሱ ከተነገረው በኋላ አምስት ወር ፈጅቶ 36 ገባ።

ድመት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በሳምንት ከ1 በመቶ አትለፉ። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ጭራሽ ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች፣ «ይርባትና አይጥ ትያዝ» የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ።

ምልክት፦ ጎድኑ ወጣ፣ የጭኑ ሥጋ ቀለጠ፣ ሆዱ ግን ሁሌ ሙሉ ነው።

ይሄ የዓቢይ ፆም በሽታ ነው። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ውሻውም ሳይጠየቅ 55 ቀን ከቤተሰቡ ጋር ይፆማል፣ እንጀራ በሽሮ። ሆድ ይሞላል፣ ሥጋ የሚሆን ነገር ግን ትንሽ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩለት፣ ወይ ፆም ከመግባቱ በፊት ሳንባ ቀቅላችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ሽንኩርት የገባበት ወጥ አትስጡ፣ ደሙን ያፈርሳል። ጥሬ ሳንባና ጉበትም አትስጡ፣ በተለይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁበት፣ ከሱ የሚመጣው ትል በውሻው ዓይነ ምድር ወደ ልጆቻችሁ ይገባል። ፋሲካ ደግሞ ሲደርስ የፆሙን ልካስ ብላችሁ የጮማ ክምር አታቅርቡለት፣ የበዓሉ ማግስት ስልኬ የሚጮኸው በሚያስመልስ ውሻ ነው፣ ቆሽቱ ይቆጣል።

የቀሩት አጭር ናቸው። ቡችላ ከሳና ሆዱ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ያረጀች ድመት እየበላች ከከሳች ታይሮይድ (እዚህ ላይ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ነው) ወይ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ደም ይታይላት። የትልቅ ውሻ ሆድ ድንገት እንደ ከበሮ ተወጥሮ ማስመለስ እየፈለገ ምንም ካልወጣው ይሄን ማንበብ ትታችሁ ሩጡ፣ ሰዓታት ናቸው ያሉት። ሴት ድመት «ወፈረች» ስትሉ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ነገር አስቡ፣ አንዷን ዳየት አስይዝልን ብለው በዘንቢል አምጥተውልኝ ሚዛኑን እስካወጣ ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ወለደች።