ከባሕር ገደል ዳር፦ የጎንደር ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋና የለመድኩት በጥምቀት ነው። ታቦታቱ በመጡ ማግስት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ከሚዘልሉት ጎረምሶች አንዱ ነበርኩ። ገንዳው በቀሃ ወንዝ የሚሞላው ለበዓሉ ስለሆነ ልምዴ የት ድረስ እንደሚሄድ ገምቱ። በኋላ ግን ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ከውሃ በታች እየተነፈሱ መጥለቅ) ተማርኩና ቀይ ባሕር ገባሁ፤ ግብፅ፣ ከሲና ጫፍ ያለው ራስ መሐመድ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) ግድግዳ የስሜንን ገደል ይመስላል፤ ቀጥ ብሎ ይወርድና ሰማያዊው ውስጥ ይጠፋል። እናንተ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ አየር ላይ እንዳለ ወፍ ትንሳፈፋላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ጥልቀትን መርሳት ነው። ገንዳ ውስጥ ብትሰምጡ እግራችሁ ወለል ይነካል። እዚህ የሚነካ ነገር የለም። ዓይናችሁ ዓሣ ሲከተል ሰውነታችሁ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አይታወቃችሁም። እኔ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተጠቀለለ እባብ መሳይ ዓሣ ላይ ፈዝዤ የጀማሪዎችን ወሰን፣ 18 ሜትርን፣ አልፌ ነበር። ኢንስትራክተሩ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ነው የነቃሁት። ወደ 30 ሜትር ሲደረስ ደግሞ ናይትሮጅን ራስ ላይ ይወጣል። ልክ በባዶ ሆድ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሞቅ ይላችኋል፣ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላችኋል። እጃችሁ ላይ የታሰረውን፣ ጥልቀት የሚያሳየውን ኮምፒውተር በየደቂቃው እዩ።

አየርም እንደዚሁ ያታልላል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 2 እጥፍ ነው፣ 30 ሜትር ላይ 4 እጥፍ። እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየርም በዚያው ልክ ይጨምራል። የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው ጌጅ 50 ባር ሲያሳይ ውሃው ላይ ወጥታችሁ መገኘት አለባችሁ፤ መውጣት የሚጀመረው ከዚያ ቀድሞ ነው።

ትንፋሽ መያዝ! ይኸኛው የፋሲል መዋኛ ልማድ ነው። እኛ ስንዘል ጉንጫችንን ነፍተን ነው። በስኩባ ግን ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ሳንባ ይቀድዳል፤ ከ10 ሜትር እስከ ላይ ድረስ ብቻ አየሩ እጥፍ ይሆናልና። ሁልጊዜ ተንፍሱ። ስትወጡ ቀስ በሉ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ።

ግድግዳውን አትንኩ። የሚያቃጥል ኮራል አለ፣ ድንጋይ መስሎ የተኛ መርዘኛ ዓሣም አለ። ቀዩ ቀለም ቶሎ ስለሚጠፋ ባትሪ ያዙ፤ ያለሱ ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ነው።

ከገደሉ ጎን ውሃው አንዳንዴ ወደ ታች ይፈሳል። የራሳችሁ አረፋ ቁልቁል ሲሄድ ካያችሁ ከግድግዳው ራቁ፣ ወደ ክፍቱ ባሕር ዋኙ። ወደ ላይ ብቻ መታገል ጉልበት ይጨርሳል።

አሁን እኛን ጎንደሮችን በተለይ የሚመለከተው፦ ወደ ቤት መቸኮል። ስትጠልቁ ናይትሮጅን በደማችሁ ይሟሟል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት አስቡት፤ ደማችሁ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አይበርም፣ 24 ቢሞላ ይሻላል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይቀራረባል። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት! ሌላው ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍለት ያርፋል፤ እኛ ደርሰንም ገና አልወረድንም። በማግስቱ ስሜን ተራራ፣ ሳንቃበር ልውጣ ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ «አንድ ብቻ እንግባ ባክህ» እያለ ሲለምነኝ ነበር። በረራችን ሌሊት ነው። ማስኬን በንጹሕ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እሱም አኩርፎ ሻይ አዘዘ።