ወኪል ቤት፣ ሰፈር ጋራዥ ወይስ የራስ እጅ? ድሬዳዋ ላይ በመኪና ጥገና ወጪ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱርቦ ያላት ፈጣን መኪና የያዘውም፣ አሮጌ ቪትዝ የሚነዳውም ድሬ ላይ የሚጠይቀው አንድ ነው። ወኪል ቤት ልውሰዳት? ሰፈር ላለው መካኒክ ልስጣት? ወይስ ኮፈኑን ከፍቼ ራሴ ልሥራት? ብዙ ሰው መልሱን ደረሰኝ ላይ ይፈልጋል። ደረሰኙ ግን ሙሉውን ወጪ አይናገርም። ገንዘብ የሚያስወጡን ነገሮች አብዛኞቹ ከደረሰኙ ውጭ ናቸው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እዚህ አስቀምጣለሁ።

የውጭ አገርን ስሌት እንዳለ ማምጣት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ዩቲዩብ ላይ አንድ የስፖርት መኪና ባለቤት «ወኪል ቤት ትቼ ራሴ ሠራሁ፣ ይህን ያህል ዶላር ተረፈኝ» ይላል። እውነቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ወኪል ቤት ለአንድ ሰዓት ሥራ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል። የስፖርት መኪና ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ካንዴላ ለመቀየር ብቻ ብዙ ነገር መፈታት ይኖርበታል፤ ሰዓቱም ይቆጥራል። እዚያ አገር ሰው ራሱ ሲሠራ የሚተርፈው የእጅ ዋጋው ነው።

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ድሬ ላይ የመካኒክ እጅ ከዕቃው ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ኪስ የሚያራቁተው መለዋወጫው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ዛሬ የጠየቁት የፍሬን ሸራ በሚቀጥለው ወር በዚያው ዋጋ ላይገኝ ይችላል።

ታዲያ ራስ መሥራት እዚህ ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል፣ ግን በሌላ በኩል። ዘይቱን ራስዎ መርጠው ይገዛሉ። ክዳኑን ራስዎ ይከፍታሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በዓይንዎ ያያሉ። መኪናዋ ውስጥ ምን እንደገባ ያውቃሉ። አንድን ዕቃ ሁለቴ አለመግዛት ማለት ድሬ ላይ ትልቁ ቁጠባ እሱ ነው። መፍቻ ባይጨብጡ እንኳ መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ መቆም ብቻውን ብዙ ያድናል።

ደረሰኙን ብቻ መደመር

መኪናዎ ድሬ ላይ ወኪል ከሌላት አዲስ አበባ መውጣት ግድ ነው። ደርሶ መልሱ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና 72 ሊትር ቤንዚን አቃጠለች ማለት ነው። ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን አልተቆጠረም። ለዘይትና ለፊልትሮ ብቻ ይህን መንገድ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው። የወኪል ቤት ሥራ ካለ ይጠራቀምና፣ ለሌላ ጉዳይ በሚወጡበት ጊዜ አንድ ላይ ይሠራ። ቀጠሮ ሳይዙና ዕቃው መኖሩን በስልክ ሳያረጋግጡ ግን አይነሱ።

ራስ መሥራትም የተደበቀ ወጪ አለው። ጥሩ መፍቻ፣ ክሪክ፣ መደገፊያ ብረት፣ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል። የኮሮላ ጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። በግምት እየዘለሉበት ማጥበቅ ብሎኑን ያበላሻል። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ዕቃ ውድ ነው። ሦስት አራት ጎረቤት ተዋጥቶ ቢገዛው ግን ያዋጣል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ጎረቤት አይጠፋም።

ሁሉንም ሥራ በአንድ ዓይን ማየት

«እኔ ከወኪል ቤት ውጭ አላስነካም» የሚል አለ። «ወኪል ቤት ዘራፊ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ይከስራሉ። መለየት ያለበት ሥራው ነው።

አየር ማጣሪያ፣ የኤሲ ማጣሪያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ አምፖል፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳት፣ የጎማ ንፋስ መለካት፣ ዘይትና ራዲያተር ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው። ለእነዚህ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። ዘይት መቀየርም ትንሽ ከለመዱት ከባድ አይደለም። የፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተር፣ ፍሪሲዮን፣ ታይሚንግ ቺንጊያ ለሚያምኑት የሰፈር ጋራዥ ይስጡ። በተለይ የቫልቭና የፒስተንን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቺንጊያ ላይ አይሟገቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ክፉኛ ይጎዳል።

ኤርባግ፣ የቁልፍ ፕሮግራም፣ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር፣ ዋስትናው ያላለቀ መኪና፣ እነዚህ የወኪል ቤት ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪናም እዚህ ይገባል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የብዙዎቹ ባትሪ ወደ 400 ቮልት ይጠጋል። ይህን ኃይል የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ሽቦ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ።

ሐረር ላይ በፔጆ 404 ታክሲ ያደገ ሰው «መኪና ምን አለው፣ ፈትቶ መግጠም ነው» ቢል አልፈርድበትም። 404 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች፣ ሁሉ ነገሯ በዓይን የሚታይ መኪና ናት። ድሬም እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ባቡርና የባቡር ወርክሾፕ ያለባት ከተማ ናት፤ ብረት የሚገባው እጅ ሞልቷታል። ቶርኖ ቤት ገብቶ የጠፋ ዕቃ ማስቀረጽ እዚህ ብርቅ አይደለም። ያንን ሙያ አከብራለሁ። ነገር ግን የፍሬን ዲስክ በቶርኖ ሲላጭ ልክ አለው። ዝቅተኛው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ በታች የተላጨ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ቶርኖ ቤት ከመስጠትዎ በፊት ቁጥሩን አንብበው ይስጡ።

«ድሬ ሙቀት ነው፣ ወፍራም ዘይት ይሻላል»

ይህን ያልሰማ የድሬ ሾፌር የለም። «ወንድሜ፣ ሃያ ሃምሳውን አድርግላት፣ ሙቀቱን ትችላለች» ይባላል፤ 20W-50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ማለት ነው። ለአሮጌ ሞተር፣ የመኪናዋ መመሪያ ደብተር ከፈቀደ ችግር የለውም። ለአዲስ ሞተር ግን ጉዳት አለው።

አሁን ያሉት ሞተሮች በቀጭን ዘይት እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተሠሩት። እንደ ቶዮታ ቪቪቲአይ ያሉት የቫልቭ ሰዓታቸውን የሚቀያይሩት በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳም ጠባብ ነው። «አምስት ሠላሳ» (5W-30፣ ቀጭን ዘይት) የተባለለት ሞተር ውስጥ ሃያ ሃምሳ ሲገባ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። የሞተር ብረት በብዛት የሚፋቀው ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ነው። ቱርቦ ያላቸው ፈጣን መኪኖች ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ቱርቦው በጣም ስለሚግል ትክክለኛውን ደረጃ የያዘ ሲንተቲክ ዘይት ካላገኘ ዘይቱ ውስጡ ይከስላል። መመሪያው አጠገብዎ ከሌለ የዘይት መሙያውን ክዳን ይመልከቱ። ብዙ መኪና ላይ ልኩ እዚያ ተጽፏል።

ድሬ የሚያስፈልጋት ወፍራም ዘይት ሳይሆን ቶሎ የሚቀየር ዘይት ነው። ሙቀት፣ አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ከቀፊራ ሳቢያን ቆም ሄድ የሚል መንገድ፣ ይህ ሁሉ በአምራቾች ቋንቋ ከባድ አጠቃቀም ነው። ብዙ መመሪያዎች ለእንዲህ ያለው አጠቃቀም የቅየራውን ርቀት በግማሽ ያህል ያሳጥሩታል። 10,000 ኪሎ ሜትር የሚለውን 5,000 አድርገው ያስቡት። ፊልትሮውን ሳይቀይሩ ዘይት ብቻ መቀየር ደግሞ ቁጠባ አይደለም፤ አዲሱ ዘይት ከአሮጌው ቆሻሻ ጋር ይቀላቀላል።

አስመሳይ ዘይት አለ። ማኅተሙ የላላ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከሌላው በብዙ የወረደ ከሆነ ይተዉት። ለፈጣን መኪና የሚሆነው ዘይት ድሬ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ከታመነ ሻጭ ሲያገኙት የአንድ ቅየራ ያህል ተጨማሪ ገዝቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ራዲያተር ውስጥ ውሃ ብቻ መሙላት

«እዚህ በረዶ የለ፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ኩላንቱ ከበረዶ መከላከል ብቻ አይደለም ሥራው። ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደንገጎ አድርገው ወደ ሐረር ሲወጡ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋሉ። እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ከዚህ ሙቀት አልፎም ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ሲላላ ወይም ጎማው ሲደርቅ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ትፈላለች። ክዳን ትንሽ ዋጋ ነው። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው ሲጎብጥ ግን ወጪው ሌላ ነው። ሞተሩ ግሎ እያለ ክዳኑን አይክፈቱ፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ፍሬን ላይ መቆጠብ

እዚህ ላይ ለማንም አልራራም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስንት መኪና እንደሚወጣና እንደሚወርድ የድሬ ሰው ያውቃል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬን ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ደረጃ ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ፣ ዶት 4 ደግሞ 230 ድረስ ሳይፈላ መቋቋም አለበት። እርጥበት ከጠጡ በኋላ የሚፈለግባቸው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይገባል። ያኔ እግርዎ ስር ምንም የለም።

በየ2 ዓመቱ የፍሬን ዘይት ማስቀየር ከርካሽ ጥገናዎች አንዱ ነው። ሥራው አየር የማስወጣት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ፣ ኤቢኤስ (ሲፈረን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሲስተም) ያላት መኪና ከሆነች ልምድ ያለው ሰው ይሥራው። ዕቃውን ግን እርስዎ ይግዙ፣ ታሽጎ ያለውን። ተከፍቶ የቆየ ዘይት እርጥበት ጠጥቷል። ሸራ ሲገዙም ሻጩን «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ ቁጥሩንና ቅርጹን ያስተያዩ። ሲወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ጎማም ከዚሁ ጋር ነው። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2323 ካለ እ.ኤ.አ. በ2023 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ በድሬ አስፋልት ሙቀት ይፈነዳል። ንፋሱን ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ።

በክሪክ ብቻ መኪና ስር መግባት

አይግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው። መደገፊያ ብረት ሳይቆም፣ መሬቱ ደረቅና ጠፍጣፋ ሳይሆን፣ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ማንም ስሯ አይግባ። ሥራውን በጠዋት ይጨርሱት። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ከሥራ የምታርፈው በምክንያት ነው፤ ሙቀትና ድካም ሰው ያሳስታሉ። አንድ ዕቃ ቢጎድልም በዚያ ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ቁጥር ዕቃ መቀየር

የመኪናዋ ኮምፒዩተር የመዘገበውን የስህተት ኮድ የሚያነብ ትንሽ የኦቢዲ መሣሪያ መግዛት ጥሩ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ከመክፈል ያድናል። ግን ኮድ የሕመሙን ምልክት ነው የሚናገረው። ፒ0171 ሲል ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል ማለቱ ነው። ሴንሰር ይቀየር አላለም። መንስኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ርካሹን ይፈትሹ። ኮዱን አጥፍቶ መሸጥም ሆነ መንዳት ችግሩን አያጠፋውም።

ምንም አለመመዝገብ

አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የገባው ዕቃ ስምና ቁጥር፣ የሠራው ሰው። ደረሰኙን መሃሉ ያስገቡ። ዋስትና ላይ ላለ መኪና ይህ ማስረጃ ነው። ለሽያጭ ሲቀርብም ገዢ የሚያምነው ከደላላው ይልቅ ይህን ነው።

ያረጀ ዘይት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መድፋት

ራሳቸው ዘይት የሚቀይሩ ሰዎች ላይ የማየው ይህን ነው፤ ያሳዝነኛል። የወንዙ አሸዋ ዘይቱን ውጦ ያስቀረ ይመስላል፤ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ድሬ የምትጠጣው ውሃ ከሳቢያን ጉድጓዶችና ከሌላ የከርሰ ምድር ምንጭ የሚወጣ ነው። አሮጌውን ዘይት በአግባቡ ማስወገድ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። የቶዮታ 1.5 ሊትር ዋን ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ዘይት ይይዛል። አዲሱ ዘይት የመጣበት ባለ 4 ሊትር ዕቃ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። በዚያው ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በርሜል ላለው ጋራዥ ይስጡት። ዕቃውም ከዚያ በኋላ ስለሚቆሽሽ አስመሳይ ዘይት ለሚሞሉ ሰዎች አይሆናቸውም።